«የተለመዱትን ተጠርጣሪዎች ሰብስቡ»፦ የአንድ የፊልም አነጋገር ትርጉምና መነሻ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «የተለመዱትን ተጠርጣሪዎች ሰብስቡ» የሚል አነጋገር አለ። ጥፋት በደረሰ ቁጥር እውነተኛውን ጥፋተኛ ከመፈለግ ይልቅ ዘወትር የሚወነጀሉትን ሰዎች፣ ወይም ዘወትር የሚጠቀሱትን ምክንያቶች፣ መልሶ መደርደር በሚቀናው አካል ላይ የሚሰነዘር ሽሙጥ ነው። በጀት በጎደለ ጊዜ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ አምና የተወቀሱትን ክፍሎች ዘንድሮም ሲወቅስ፣ ወይም የእግር ኳስ ቡድን ተሸንፎ አሠልጣኙ፣ ዳኛውና ሜዳው በየተራ ሲከሰሱ፣ ጋዜጠኞች ይህን አባባል ጣል ያደርጋሉ። የሚታየው ግርግር ሥራ የተሠራ ለማስመሰል ነው እንጂ ምርመራ አይደለም ማለታቸው ነው።

አነጋገሩ ማን እንደ ተናገረው የማይታወቅ የጥንት ተረት አይደለም። የተሰማው በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1942 በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «ካዛብላንካ» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ የተናገረው በፈረንሳይ ሞሮኮ የካዛብላንካ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሻምበል ሉዊ ሬኖ፣ ሬኖን ሆኖ የተጫወተውም እንግሊዝ ተወላጁ ክሎድ ሬይንስ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1941 መጨረሻ፣ ካዛብላንካ ለናዚ ጀርመን ባደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት እጅ በነበረችበት ጊዜ ነው። ሃምፍሪ ቦጋርት የተጫወተው የመጠጥ ቤት ባለቤት ሪክ፣ የሚወዳት ሴት ከባሏ ጋር በአውሮፕላን እንድታመልጥ ያደርጋል፤ አውሮፕላኑን በስልክ ለማስቆም የሞከረውን ጀርመናዊ ሻለቃ ስትራሰርንም በሽጉጥ ይጥለዋል። ሬኖ ይህን ሁሉ አጠገቡ ቆሞ አይቷል። ፖሊሶቹ በመኪና ሲደርሱ «ሻለቃ ስትራሰር ተመቷል» ይላል፤ ዝም ይላል፤ ሪክን ያየዋል፣ ሪክም ያየዋል። ከዚያ በኋላ ነው ትእዛዙ የሚመጣው፦ «የተለመዱትን ተጠርጣሪዎች ሰብስቡ።»

ይህች ዓረፍተ ነገር እንዲህ የምትመታው ቀደም ብሎ መሬቱ ስለ ተዘጋጀላት ነው። ስትራሰር ካዛብላንካ እንደ ገባ በባቡር ላይ ስለ ተገደሉት ሁለት ጀርመናውያን መልእክተኞች ሲጠይቅ፣ ሬኖ የጉዳዩን ክብደት በመረዳት ሰዎቹ ከወትሮው በእጥፍ የሚበልጡ ተጠርጣሪዎችን እየሰበሰቡ መሆናቸውን ይነግረዋል። ቁጥሩ ገና ከመታሰራቸው በፊት የታወቀ ነው፤ ለተራ ወንጀል ይህን ያህል፣ ለከባድ ወንጀል የዚያን እጥፍ። በዚያው ንግግር ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከወዲሁ መታወቁና ማታ በሪክ ቤት እንደሚገኝም ይሰማል። እንግዲህ በመጀመሪያውም ሆነ በመጨረሻው አፈሳ፣ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አዛዡ ያውቃል። ዛሬ አነጋገሩን የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ባለሥልጣናት ጥፋተኛውን መለየት አቃታቸው ወይም ሰነፉ ለማለት ሲያውለው እንሰማለን፤ በፊልሙ ውስጥ ግን አለማወቅም ስንፍናም የለም። ትእዛዙ አውቆ የሚደረግ ማሳሳቻ ነው፤ በመጨረሻውም ትዕይንት ጓደኛን የሚያተርፍ ውሸት ሆኖ ይገኛል። በእኔ ግምት የዛሬው አጠቃቀም የያዘው የትርጉሙን ግማሽ ብቻ ነው።

ተመልካቹ የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ሬኖ ያንን ሲናገር ሁሉም ሰው ይስቃል፤ ስለሚሰበሰቡት ሰዎች የሚጠይቅ የለም። ፊልሙ የተከፈተው ግን በዚሁ ዓይነት አፈሳ ነበር። ፖሊሶች መንገደኛውን እያስቆሙ መታወቂያ ሲጠይቁ፣ ወረቀቱ ያልተስተካከለለት አንድ ሰው ለመሮጥ ሞክሮ የቪሺው መንግሥት መሪ የማርሻል ፔታን ሥዕል ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ተመትቶ ሲወድቅ አይተናል። መደበኛ አፈሳ ምን እንደሚያስከፍል ከመነሻው ያሳየን ሥራ፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ አፈሳ የደስታ መፍቻ አድርጎ ያቀርብልናል። ይህ የደራሲዎቹ ሆነ ተብሎ የተሠራ ምፀት ይሁን አይሁን፣ አነጋገሩ በጋዜጣ አምድ ላይ ሲውል የሚያሳክከው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች መንትዮቹ ወንድማማቾች ጁሊየስና ፊሊፕ ኤፕስታይን፣ እንዲሁም ሃዋርድ ኮክ ነበሩ። መሠረቱ መሪ በርኔትና ጆን አሊሰን የጻፉት፣ በመድረክ ያልታየ ተውኔት ሲሆን፣ በተውኔቱ ውስጥ ሪክ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ቀረጻው በሜይ 1942 ሲጀመር ስክሪፕቱ ገና አላለቀም ነበር፤ ሪክ ሻለቃውን ገድሎ እንዴት በነፃ ሊሄድ ይችላል የሚለው ደግሞ ቀላል ጥያቄ አልነበረም፤ በጊዜው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀል ሳይቀጣ እንዳይቀር አጥብቆ ያዝ ነበርና። ጁሊየስ ኤፕስታይን በኋላ ሲያወጋው፣ መንትዮቹ በሎስ አንጀለስ ሰንሴት ጎዳና በመኪና ሲጓዙ ድንገት ተያይተው ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ለሆሊውድ ጨዋታ የምትመች ወግ ስለ ሆነች በልክ መቀበል ይገባል፤ ሆኖም መፍትሔው ከራሱ ከስክሪፕቱ፣ ከሬኖ የቀድሞ ንግግር፣ የወጣ መሆኑ ፊልሙን ለሚያይ ሁሉ ግልጽ ነው።

ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሕያው ያደረገው ግን ሬይንስ ነው። በ1994 ሥርጭት የጀመረው ተርነር ክላሲክ ሙቪስ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የአንድን ተዋናይ ፊልሞች በተከታታይ የማቅረብ ልማድ አለው፤ ከ2003 ጀምሮም የኦገስትን ወር እያንዳንዱን ቀን ለአንድ ተዋናይ ይሰጣል። የሬይንስ ሥራዎች በእንዲህ ያለ ዝግጅት ተሰልፈው ሲታዩ፣ ሬኖ በአንድ ቀን እንዳልተፈጠረ ይታያል። በ1933 በወጣው «የማይታየው ሰው» ውስጥ ፊቱ የሚታየው በመጨረሻ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ተመልካቹን የያዘው በድምፁ ብቻ ነበር፤ በልጅነቱ ይንተባተብ የነበረው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም በመርዝ ጋዝ ተጎድቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል ያጣው ሰው፣ በኋላ ከሆሊውድ ውብ ድምፆች አንዱ ሆኗል። በ1938 በሮቢን ሁድ ፊልም ተንኮለኛውን ልዑል ጆንን ተጫወተ፤ ያንን ፊልም ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ማይክል ከርቲዝ በኋላ «ካዛብላንካ»ን የመራው ነው። በ1939 ደግሞ በዋሽንግተን ምክር ቤት በሙስና የተዘፈቀ፣ ሕሊናው ግን የሚወቅሰው ሴናተር ሆኖ ቀረበ። በ1946 በአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖቶሪየስ» ውስጥ የናዚ ተባባሪ ሆኖ እንኳ የሚያሳዝን አፍቃሪ ነው። እነዚህን ካዩ በኋላ ሬኖን ሲመለከቱ፣ ጥፋቱን እያወቅን የምንወደው ባለሥልጣን ከየት እንደ መጣ ይገባናል። የቁማር ጨዋታ መኖሩን ሰምቶ እጅግ መደንገጡን ሲገልጽና ወዲያው ከዚያው ቁማር ያሸነፈውን ገንዘብ ሲቀበል፣ ድምፁ ቅንጣት አይናወጥም። ለኦስካር አራት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አለማሸነፉ ያስቆጫል፤ ለሬኖ የታጨበትን ሽልማት የወሰደው ቻርልስ ኮበርን ነበር።

አነጋገሩ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ በሕዝብ አፍ እንዲለመድ ያደረገው በአብዛኛው ቴሌቪዥን ነው ማለት ይቻላል። ዋርነር ብራዘርስ ከ1950 በፊት የሠራቸው ፊልሞች በ1956 ለቴሌቪዥን ሥርጭት ከተሸጡ በኋላ «ካዛብላንካ» በየቤቱ ገባ፤ ደጋግሞ የታየ ፊልም ንግግሩ በቃል ይያዛል። በ2005 የአሜሪካ የፊልም ተቋም ባወጣው የአንድ መቶ ታዋቂ የፊልም ንግግሮች ዝርዝር ውስጥም 32ኛ ሆኖ ተመዝግቧል።

ለአማርኛ አንባቢ ቅርብ የሚሆነው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችን ነው። ሁለቱም ዱላው ያረፈበት ቦታ ትክክለኛው እንዳልሆነ ይናገራሉ። የእኛ ግን የፍርሃትን ነገር ይገልጻል፤ መምታት የሚገባውን ስለ ፈራ የማይመልስለትን መታ ማለት ነው። ሬኖ በዚያች ሰዓት የሚፈራው አልነበረም፤ ስትራሰር ሞቷል፣ ሪክንም ማሰር ይችል ነበር። የእንግሊዝኛው አነጋገር ክብደቱን የጣለው «የተለመዱት» በሚለው ላይ ነው፤ ስም ዝርዝራቸው አስቀድሞ በመዝገብ የተቀመጠ፣ ምንም ይፈጸም ምን የሚጠሩ ሰዎች መኖራቸውን ይነግረናል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አይተካውም፤ ኃያሉን ፈርቶ ደካማውን የሚከስስ ሰው ሲያጋጥም የእኛው ይበልጥ ይስማማል።

ከጊዜ በኋላ አነጋገሩ አጥሯል። «የተለመዱት ተጠርጣሪዎች» የሚለው ክፍል ብቻውን ተነጥሎ በ1995 ለሌላ የወንጀል ፊልም ርእስ ሆነ፤ በዕለት ንግግርም በየስብሰባው የማይጠፉ ሰዎችን፣ በየዓመቱ ለሽልማት የሚታጩ ስሞችን፣ አልፎ ተርፎም አዘውትረው አብረው የሚገኙ ወዳጆችን በፈገግታ መጥሪያ ሆኗል። በዚህ አጭር መልኩ ወንጀልም ወቀሳም ላይኖርበት ይችላል፤ «ሰብስቡ» የሚለው ትእዛዝ ሲወድቅ አዛዡ ከነሽሙጡ አብሮ ይወድቃልና። ስለዚህ አነጋገሩን በጽሑፍ የሚያገኝ አንባቢ፣ የተሰነዘረው ትችት ነው ወይስ ቀልድ የሚለውን ለመለየት መጀመሪያ ትእዛዙ አብሮት መኖር አለመኖሩን ቢመለከት ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።