የተበላሸ ባሩድ ምንድን ነው?

ቤት ሲፈተሽ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ጥይት በጨርቅ ተቋጥሮ ቆጥ ላይ ቢገኝ ሰው ሁሉ ሚለው አንድ ነው፣ «ተወው ባክህ፣ ይሄ አርጅቷል ምን ያረጋል»። እኔ ምለው ተቃራኒውን ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ሲያረጅ ጉልበቱ ተሟጦ አፈር አይሆንም፣ እየፈረሰ አሲድና ሙቀት ነው ሚያወጣው፣ ስለዚህ ያረጀው ካዲሱ የባሰ የማይታመን ነው።

ጭስ አልባ ሚባለው የቱ እንደሆነ ቶሎ ልበልና ልለፍ። አያቶቻችን በውጅግራ ሲተኩሱት የነበረው ጥቁር ባሩድ ጭሱ አይን ያጠፋል፣ ግን ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመትም ቢቆይ ያው ነው (ያው ነው ስል ያው አደገኛ ነው፣ ብልጭታ አይችልም)። ጭስ አልባውን እ.ኤ.አ. በ1884 ያወጣው ፖል ቪየይ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፣ ዋና ነገሩ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል (ጥጥ ወይ የእንጨት ጭረት በአሲድ ታክሞ ሚሠራ ተቀጣጣይ ነገር ነው)፣ አንዳንዱ ላይ ናይትሮግሊሰሪን ሚባል ፈንጂ ፈሳሽም አለበት። ዛሬ ክላሽ ጥይት ውስጥ ያለው የሱ ዘር ነው።

ችግሩ ናይትሮሴሉሎስ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በጣም በቀስታ እየፈረሰ መሆኑ ነው። ሲፈርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ደግሞ ዞሮ የቀረውን ባሩድ ያፈርሳል፣ ማለትም ብልሽቱ ራሱን ያፋጥናል። ለዚህ ሲባል ፋብሪካው ዳይፊኒላሚን ሚባል ወይም ተመሳሳይ ማረጋጊያ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ስራው ያን ጋዝ እየያዘ ማስቀረት ነው። ማረጋጊያው ሲያልቅ ግን ሚይዘው የለም። ብዙ ባሩድ አንድ ላይ ካለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ እርጥብ ሆኖ የተከመረ ድርቆሽ ውስጡ እንደሚግለው ማለት ነው፣ ከዛ ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ይቀጣጠላል። ወሬ አይደለም ይሄ፣ የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ኢየና በ1907 ሊበርቴ ደግሞ በ1911 እ.ኤ.አ. ቱሎን ወደብ ላይ ቆመው እንዳሉ ነው የፈነዱት፣ የሞተው ሰው ባንድ ላይ ከ300 ይበልጣል፣ ጣት የተቀሰረውም የተበላሸው የቪየይ ባሩድ ላይ ነበር።

ፍጥነቱን ሚወስነው ከሁሉ በላይ ሙቀት ነው። በግምት 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ብልሽቱ በእጥፍ ወይም ከዛ በላይ ይፈጥናል። እንግዲህ ጮቄ ስር ያለ ቤትና ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ያለ ቤት እኩል አይደሉም፣ በአንድ ጊዜ የተሠራ ባሩድ ደጋው ላይ ደህና ሆኖ ቆላው ላይ ሊበላሽ ይችላል። ቆርቆሮ ጣራ ስር ያለ ቆጥማ በጋ ላይ ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል፣ ምድጃ በላይ ማንጠልጠልም ያው ነው፣ «ጢሱ ያደርቀዋል» ይባላል ግን ሚያሞቀውም እሱ ነው።

አሁን ምልክቱ። ደህና ባሩድ እንደ ኤተር ወይ እንደ አልኮል ያለ ቀለል ያለ ሽታ አለው። የተበላሸው ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ አሲድ አሲድ ይላል፣ አንዳንዴ ቀላ ያለ ቡናማ ጢስ ሲወጣም ይታያል፣ ይሄን ያየ ሰው ቆሞ መመራመር የለበትም። ፍሬዎቹ ላይ ዝገት ሚመስል ቀይ ብናኝ ይኖራል፣ ወይ ይጣበቃሉ ይርሳሉ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከነበረም ቆርቆሮው ከውስጥ ይበላል። ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጣሳ ከውስጥ ብቻ ከዛገ እርጥበት ነው ብላችሁ አትለፉት። ጥይት ከሆነ ደግሞ ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ይወጣል፣ አንገቱ ጋ ይሰነጠቃል።

ይሄ ነገር በዋናነት ሚመለከተው ሪሎዲንግ ሚሠሩትን ነው፣ አሜሪካ ያሉ አዳኞች የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበው መቀጣጠያውን ቀይረው ባሩድ መዝነው መልሰው ይሞሉታል፣ እዛ ካሉት ዘመዶቻችንም አጋዘን አደን የለመዱ አሉ። እዚህ አገር በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያና ጥይት ነክ ስራ ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ መሙላት አይታሰብም። እዛ ላሉት ግን፦ የተጠረጠረ ባሩድ «ትንሽ ቀንሼ ልጠቀምበት» አይባልም። የተበላሸ ባሩድ ግፊቱ አይገመትም፣ አንዱ ደክሞ እርሳሱን አፈሙዝ ውስጥ አስቀርቶ ቀጣዩ ተኩስ ብረቱን ይበትነዋል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይነዳል። ከአዲስ ጋር መቀላቀልማ ጭራሽ፣ ደህናውንም ታበላሻለህ። ብርሌም ሆነ ጥብቅ የብረት እቃ ውስጥ አይገለበጥም፣ የፋብሪካው ጣሳ እሳት ሲነካው ቶሎ እንዲከፈት ተብሎ ነው ሳሳ ያለው፣ ጥብቅ ብረት ውስጥ ከሆነ ቦምብ ሠራህ ማለት ነው።

አያያዙ ላይ ትልቁ ነገር ከቤትና ከሰው ማራቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ ሚመለከተውን አካል መጥራት ነው። ገና ያልሞቀ፣ ቀለህ ውስጥ ያልገባ ባሩድ ከሆነ ውሃ ውስጥ ማስጠም እስኪመጡ ድረስ እንዳይሞቅ ያደርገዋል፣ ግን ውሃው አያጠፋውም፣ ሲደርቅ መልሶ ይነዳል፣ ስለዚህ ሽንት ቤት ወይ ወንዝ መድፋት መፍትሄ አይደለም። ጣሳው ሲነካ ከሞቀ ወይ ጢስ ካለው አትንካው፣ ልጆቹን ይዘህ ውጣ። እሳት ከተነሳ ደግሞ አፈር ማልበስ አይሠራም፣ ኦክስጅኑን ራሱ ውስጥ ነው የያዘው። እርሻ ላይ የተገኘ ጥይትም እዛው ምልክት ተደርጎበት ለፖሊስ ይነገራል እንጂ እርሳሱ አይነቀልም።

ሰው ሚረሳው ቡናማው ጢስ ነው። የተነፈሰው ሰው መጀመሪያ ትንሽ ያስለውና «ደህና ነኝ» ብሎ ቡና ሊጠጣ ይቀመጣል፣ ሳንባው ግን ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ማታ ላይ ትንፋሽ እስኪያጥረው መጠበቅ የለም፣ ደህና ነኝ ቢልም በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ምን እንደተነፈሰም ይንገራቸው።