በወሎ አውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኛ ማመላለሻ፦ ከኮንትራት ታክሲ እስከ አፕ ጥሪ

ወሎ ውስጥ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የሚያስተናግዱት ሁለት ማረፊያዎች ናቸው፤ ኮምቦልቻና ላሊበላ። የኮምቦልቻው ከደሴ፣ የላሊበላው ከላሊበላ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከማረፊያው በር እስከ ቤት ወይም እስከ ሆቴል ያለው መንገድ አንዳንዴ ከዚያ የማያንስ ጊዜ ይወስዳል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያን ቀሪ መንገድ ማን፣ በምን መኪናና በምን ዓይነት ስምምነት እንደሚሸፍነው፣ በአፕ የሚጠሩ ታክሲዎች ሌሎች ማረፊያዎችን ሲለውጡ ወሎ የት ላይ እንደቆመች ነው።

አቀማመጥ

የኮምቦልቻ ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያው ዲ ኤስ ኢ ሲሆን ከደሴ ስም የተወሰደ ነው። አየር መንገዱም መዳረሻውን ደሴ/ኮምቦልቻ ብሎ ይጠራዋል። ማረፊያው የማን ነው የሚለው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያላለቀ ጨዋታ ነው፤ ደሴዎች በስሙ፣ ኮምቦልቻዎች በመሬቱ ይሟገታሉ። ለመንገደኛ ግን ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። ደሴ የሚወርድ መስሎት የመጣ እንግዳ የሚያርፈው ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ ለመድረስ ሀረጎን መውጣት አለበት። ሀረጎ ጥምዝምዙ የበዛ፣ በክረምት ጉም የሚለብስ፣ በጭነት መኪና ኋላ የሚያስከትል ዳገት ነው። ባጃጅ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ያደርሳል፤ ለሀረጎ ግን ሚኒባስ ወይም ደኅና ሞተር ያላት የቤት መኪና ያስፈልጋል።

ከኮምቦልቻ የሚወርደው ሰው መድረሻው ደሴ ብቻ አይደለም። ወደ ባቲ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሐይቅ፣ አንዳንዴም እስከ ወልዲያ የሚዘልቅ አለ።

የላሊበላው ማረፊያ ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ነው። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ከሁለት ሺህ ሜትር ግድም ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚህ የሚመጣው መንገደኛ ባሕርይው ሌላ ስለሆነ ከታች ለብቻው ተመልክቷል።

ታሪክ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ወሎ ለረጅም ዘመን በትንንሽ አውሮፕላኖች ሲበር ኖሯል። በ2002 ዓ.ም. ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሥራ ሲጀምር አንድ በረራ 70 ገደማ ሰው ማምጣት ቻለ። ከዚያ ወዲህ በማረፊያዎቹ በር ላይ የሚሰለፈው መኪና በቁጥርም በዓይነትም ተለወጠ። በ2009 ዓ.ም. የኤርፖርቶች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ሲጠቃለል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆችና የውጭ ባለሙያዎች የሚመላለሱበት መስመርም ሆነ። ድርጅቶቹ የራሳቸውን መኪና ስለሚልኩ ይህ ገበያ ለታክሲ የተረፈው በጥቂቱ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ጊዜ ሰፋ ብሎ መነገር አለበት፤ የዛሬው አሠራር የተቀረጸው በዚያ ነው። ላሊበላ በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም.፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ተመለሱ። ላሊበላ በኅዳር ተመልሳ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ዳግም ተይዛ፣ በዚያው ወር እንደገና ተለቀቀች፤ የገና በዓልም በዚያው ዓመት ተከበረ። ሁለቱም ማረፊያዎች በዚያ ወቅት ጉዳት ደርሶባቸው በረራ ተቋርጦ ነበር። ስልክም መብራትም በሌለበት በእነዚያ ወራት ብዙ የመኪና ባለቤት መኪናውን አጥቷል። ከዚያ በኋላ በማረፊያ በር ላይ የቆሙት ሾፌሮች አብዛኞቹ እንደ አዲስ የጀመሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወሎዬ ደግሞ መጀመር ያውቅበታል።

ሁለተኛው መቋረጥ ብዙም ሳይቆይ መጣ። በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ቆመ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ደግሞ ለብዙ ወራት ጠፋ። የድምፅ ጥሪ ግን በአብዛኛው ይሠራ ነበር። በአፕ ላይ የተመሠረተ ማመላለሻ እዚህ ለምን ሥር እንዳልሰደደ ለሚጠይቅ ግማሹ መልስ ይኸው ነው፤ ዳታ ሲጠፋ አፑ የሞተ ነው፣ የሾፌሩ ስልክ ቁጥር ግን ይጠራል።

በኮምቦልቻ በር ላይ

ነዋሪው መንገደኛ ከአዲስ አበባ ሳይነሳ የሚያውቀው ሾፌር ጋ ይደውላል። «በጠዋቱ በረራ ነኝ፣ ሁለት ሻንጣ አለኝ» ካለ በቂ ነው። የማያውቅ ሰው ከበር ሲወጣ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ይቀበለዋል። አንድ ሰው የቀረው መኪና ውስጥ አንዳንዴ ገና ማንም የለም፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይቆጣም።

ዋጋው የሚወሰነው በሁለት መንገድ ነው። ሙሉ ኮንትራት የያዘ መኪናውን ለብቻው ይዞ ይሄዳል። ሌላው አማራጭ ከዚያው በረራ የወረዱ፣ ቀድሞ የማይተዋወቁ ሦስት አራት ሰዎች ተደምረው አንድ ኮንትራት መካፈል ነው። አንዷ ፒያሳ፣ አንዱ ሆጤ፣ ሌላው ቧንቧ ውሃ ይወርዳል፤ ማን አስቀድሞ እንደሚወርድ ሀረጎ ላይ ይስማማሉ፣ አሮጊት ካሉ ደግሞ ስምምነትም አያስፈልግም። «አብሽሩ እማማ፣ ከደጅዎ ነው የማወርድዎት» ይላል ሾፌሩ። ሌላው ዓለም በአፕ ተጋርቶ መጓዝ ብሎ ያወጣውን አገልግሎት ይህ በር ያለ አፕ ሲሠራበት ቆይቷል፤ የጎደለው የዋጋ ግልጽነት ነው። እንግዳ የሆነ፣ በተለይ ፊቱ የውጭ አገር ሰው የሆነ፣ ከሌላው በላይ ይጠየቃል።

የሾፌሩ ስሌት የሚያርፈው በባዶ መመለስ ላይ ነው። ከደሴ ተነስቶ መንገደኛ ሊቀበል የሚወርድ ሰው ሀረጎን ባዶውን ከወረደ የነዳጁ ዋጋ ከሚቀበለው መንገደኛ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ብልሁ ሾፌር የሚሄደውን መንገደኛ ይዞ ይወርዳል፣ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ይጠብቃል፣ በዚያው የመጣውን ይዞ ይወጣል። ያው አውሮፕላን አምጥቶ ያንኑ ይዞ ስለሚመለስ ይህ ያስኬዳል። በቀን የሚያርፈው አውሮፕላን በጣት የሚቆጠር በሆነበት በር ላይ ከዚህ የተሻለ ስሌት እስካሁን አልታየም። በአፕ የሚሠራ ታክሲ የሚኖረው ቀኑን ሙሉ ጥሪ ሲፈራረቅ ነው፤ ጥሪ በረራ በመጣ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ ሾፌሩ ለድርጅቱ ኮሚሽን የሚቆርጥበት ምክንያት አይታየውም።

ላሊበላ

እዚህ መንገዱን የያዙት ሆቴሎችና አስጎብኚዎች ናቸው። የ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ ክፍሉን ሲያስይዝ መኪናውም አብሮ ይያዛል፤ በሩ ላይ ስሙ በወረቀት ተጽፎ ይጠብቀዋል። ያልያዘው በሚኒባስ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ይወጣል። ለገና የሚመጣው ሕዝብ ግን አብዛኛው በእግርና በአውቶቡስ ስለሆነ የማረፊያው ጭንቅ ከከተማው ጭንቅ ጋር አይወዳደርም፤ በዓሉ ሲቃረብ ከሹምሽሃ የሚወጣ መኪና የከተማው መግቢያ ላይ ሊቆም ይችላል፣ መንገደኛውም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቀሪውን በእግሩ ይጨርሳል። በኮቪድና በጦርነቱ እንግዳው ሲቀር ሚኒባሶቹ ወደ ገበያ መስመር ዞረው ነበር።

ቦሌና ሌላው ዓለም

ራይድ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ሲጀምር በሳምራዊት ፍቅሩ ኩባንያ የተሠራ ነበር፤ ደንበኛ በአፕ ብቻ ሳይሆን 8294 ደውሎም ታክሲ ይጠራል። ዛይራይድና ፈረስ ተከተሉ። ከዚያ በፊት ቦሌ በር ላይ የነበሩት የቢጫ ታክሲ ማኅበራት ናቸው። ጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የተስፋፋው ተርሚናል ለመንገደኛ ሰፋ፤ ተቀባይና ሾፌር ግን አሁንም ከሕንፃው ውጭ፣ ከፓርኪንጉ ነው የሚጠብቁት። ጥሪ የያዘ ሾፌር «የት ነህ? እኔ ፓርኪንግ ነኝ» የሚለው ንግግር የቦሌ መደበኛ ሰላምታ ሆኗል።

ውጭ አገር ለውጡ በሕግ የታሰረ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በአፕ ለሚሠሩ ድርጅቶች የተለየ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ማረፊያ በቀጣዩ ዓመት ፈቀደላቸው፤ ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 መጫኛውን ከተርሚናሎቹ ፊት አንስቶ ወደ ለብቻ ግቢ ወሰደው። አሠራሩ በብዙ ማረፊያዎች ተመሳሳይ ነው። በማረፊያው ዙሪያ በካርታ የማይታይ አጥር ይከለላል፣ ሾፌሩ መጠበቂያ ግቢ ሲገባ አፑ ተራ ይሰጠዋል፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጫናል፣ ለእያንዳንዱ ጭነት ማረፊያው ክፍያ ያስከፍላል። ክፍያው የመጣው፣ ሰው የራሱን መኪና ማቆም ሲተው የፓርኪንግ ገቢ ስለሚጎዳ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ይህን ሁሉ መገልበጥ አያስፈልግም፤ ተራውን ተራ አስከባሪ ይይዘዋል። የሚያስፈልገው ከጥላ በታች የሆነ መጠበቂያ፣ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለባቲ በሰውና በኮንትራት ተለይቶ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተለጠፈ ታሪፍ፣ የሾፌሩን ታርጋና ስልክ የሚመዘግብ ጠረጴዛ ነው። አፕ ከመጣም እንደ 8294 ተደውሎ የሚጠራ ቢሆን ይመረጣል። ክፍያው ግን ቀድሞ ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሀረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ መንገደኛ ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ ባንክ በር ላይ መቆም ቀርቶለታል፤ ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ *127# ይሠራል፣ ሾፌሩም መልእክቱ ሲገባለት ሻንጣውን ያወርዳል።