ጃክ ራስል ቴሪየር ምንድን ነው? ለጉድጓድ የተሠራ ውሻ

ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ትንሽ ነጭ ውሻ አላት። ስሙ ቡቺ ነው። በዚህ ከተማ ትንሽ ውሻ ሁሉ ቡቺ ነው፤ አትገረሙ። ባለፈው እሁድ ቡና ጠርታኝ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ተጥዷል። በረንዳው ላይ ግን ሌላ ሥራ ተጀምሯል። ቡቺ ጤና አዳም የተተከለበትን የቀለም ባልዲ በፊት እግሮቹ ይዝቃል። አፈሩ በኋላ እግሮቹ መሃል እየሾለከ ግድግዳው ላይ ይረጫል። ጤና አዳሙ ከነሥሩ ወጥቶ ተጋድሟል። ስንጠራው ቀና ብሎ አየን። እስከ ዓይኑ ድረስ አፈር በአፈር ነው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ይሄማ ፍልፈል ነው እንጂ ውሻ አይደለም፣ ልጄ" አሉኝ የጎረቤቴ እናት። እማማ ፒያሳ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው የውሻ ቦታው ግቢ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ አለቀ።

ጎረቤቴ ግን ግራ ገብቷታል። "የሸጠልኝ ሰውዬ እኮ 'አያድግም፣ አይጮህም፣ ለኮንዶሚኒየም ብለው የሠሩት ነው' ብሎኝ ነው። ምን ጎደለበት?"

ሰውዬው "አያድግም" ባለው ላይ አልዋሸም። ሌላው ወሬ ነው። ለነገሩ የቀረቡት እማማ ናቸው። ቡቺ ጃክ ራስል ቴሪየር ነው። ጃክ ራስል ደግሞ ትንሽ የሆነው ሶፋ ላይ እንዲመች ተብሎ አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ ነው።

ስሙም ይህንኑ ይናገራል። ቴሪየር የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ቴራ ማለት መሬት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ገባ። እኛ ብናወጣለት ኖሮ "የምድር ውሻ" እንለው ነበር። ከመሬት በታች የሚኖር እንስሳ አሳዶ የሚያስወጣ ውሻ ማለት ነው።

ጃክ ራስል የሚለው የሰው ስም ነው። ቄስ ጆን ራስል እ.ኤ.አ. በ1795 ዳርትማውዝ በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ተወለደ። ጃክ የቁልምጫ ስሙ ነው። ቄስ ነው ስል የእኛን ቄስ እንዳታስቡ። ይህኛው ከቅዳሴው ይልቅ አደኑ የሚበልጥበት ነበር ይባላል፤ ጳጳሱም አልወደዱለትም። ታሪኩ እንደሚነገረው በ1819 ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ አንድ ወተት አዟሪ ከአንዲት ውሻ ጋር መንገድ ላይ አገኘ። ውሻዋ ነጭ ናት። ዓይኖቿና ጆሮዎቿ ላይ ቡናማ ነገር ጣል ጣል ብሎባታል፤ ጅራቷ ሥር ደግሞ ሳንቲም የምታህል ነጥብ አለች። እዚያው ገዛት። ስሟ ትራምፕ ነበር። (አዎ፣ ትራምፕ። የዛሬው ፖለቲካ ግን አያገባትም።) የዝርያው ታሪክ የሚጀመረው ከእሷ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ የዚህ ውሻ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የዚያን ጊዜ እንግሊዞች ቀበሮ የሚያድኑት በፈረስ ነው። ትልልቆቹ አዳኝ ውሾች ቀበሮውን ያሯሩጡታል። ቀበሮው ሲጨንቀው ጉድጓዱ ውስጥ ጥልቅ ይላል። ትልልቆቹ ውሾች አፋፉ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ይሄኔ ትንሹ ይለቀቃል። በጨለማው ውስጥ እየተሳበ ይገባል፣ ቀበሮውን ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ ይጮህበታል፣ ይነዘንዘዋል። ቀበሮው መሮት በሌላ በኩል እስኪወጣ ድረስ አይላቀቅም። እንዲገድለው ግን አይፈለግም። ራስል የሚፈልገው እንዲያስወጣው ብቻ ነበር፤ ቀበሮው ውስጥ ከሞተማ የቀኑ አደን አበቃ።

ቀበሮ ሲባል የእኛን ቀይ ቀበሮ እንዳታስቡ። የእኛው፣ የባሌና የሰሜን ተራራው፣ ለተኩላ የቀረበ ሌላ እንስሳ ነው። በነገራችን ላይ እሱን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ በአእምሯችሁ ይዛችሁ ቡቺን ተመልከቱት። መጀመሪያ ደረቱን። በእሁዱ ቡና መሃል ጎረቤቴን አስፈቅጄ ከፊት እግሮቹ ጀርባ በሁለት እጄ ያዝኩት። አውራ ጣቶቼ ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶቼ ከታች ተገናኙ። ይህ የእኔ ጨዋታ አይደለም። የውሻ ውድድር ላይ ዳኞቹ ጃክ ራስልን የሚለኩት እንደዚህ ነው። በመካከለኛ እጅ ካልተጨበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል ማለት ነው። የደረቱ ዙሪያ ከ40 እስከ 43 ሴንቲሜትር ነው። አጥንቱ ሲጫኑት እሺ ይላል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ራሱን ጭምቅ አድርጎ ያልፋል።

ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ክብደቱም በቁመቱ ልክ ነው። ለእያንዳንዱ 5 ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ይታሰብለታል። ስለዚህ 5 ወይም 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ከሱቅ የምናመጣት የዱቄት ከረጢት ማለት ነው። ሰውነቱ ከቁመቱ ይልቅ ወደ ርዝመቱ ያደላል። ጆሮው ወደ ፊት ታጥፏል፤ አፈር እንዳይገባበት ነው። ጅራቱን ድሮ ጫፉን ይቆርጡት ነበር፤ ከጉድጓድ ጎትቶ ለማውጣት አንድ ጭብጥ ያህል ይተዉለታል። ዛሬ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ይህን ከልክለዋል።

ነጭነቱስ? እሱም ለጌጥ አይደለም። ቡናማ ውሻ አፈር ለብሶ ከጉድጓድ ሲወጣ ቀበሮ ይመስላል። ውጭ የሚጠብቁት ትልልቅ ውሾች ደግሞ አይጠይቁም፣ ይዘነጥሉታል። ነጩ ሕይወቱን ያተርፍለታል። ስለዚህ ከጥቁሩና ከቡናማው ነጩ መብለጥ አለበት። ጸጉሩ ሦስት ዓይነት ነው፤ ልሙጥ፣ ሻካራ እና የሁለቱ ቅልቅል። ልሙጡ አይረግፍም የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ነጠላ ላይ ላይታያችሁ ይችላል። ጥቁር ሱሪ ለብሳችሁ ሶፋው ላይ ተቀመጡና ንገሩኝ።

ጸባዩ ላይ ስንመጣ ነው ሰው የሚማረረው። "አይሰማም" ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ግን አስቡት። በግ የሚጠብቅ ውሻ ዓይኑ ጌታው ላይ ነው፤ ፉጨት ሲሰማ ይታጠፋል። ይህኛው ጉድጓድ ውስጥ ማንን ያያል? ጌታው ከላይ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ፊቱ ጥርሱን ያገጠጠ ቀበሮ አለ። መግፋቱንም መቆሙንም የሚወስነው ራሱ ነው። እንደዚያ የሚወስኑት ተመርጠው ተዳቀሉ። እኛ ዛሬ "ና!" ስንለው ቆም ብሎ የሚያስበው ለዚያ ነው። ደንቆሮ አይደለም። እንዲያውም ከልክ በላይ ብልጥ ነው። የጎረቤቴ ቡቺ የፍሪጁን በር መክፈት ተምሯል፤ መዝጋት ግን አልተማረም።

ጩኸቱም እንደዚሁ ነው። ቀበሮው አልወጣ ሲል ሰዎቹ ከላይ ሆነው መሬቱን የሚቆፍሩት የውሻውን ድምፅ ተከትለው ነበር። ዝም የሚል ቴሪየር ከመሬት በታች የጠፋ ቴሪየር ነው። ስለዚህ ዛሬም ለሊፍቱ ይጮሃል፣ ለቆራሌው ይጮሃል፣ ደረጃ ላይ ለሚወጣ እንግዳ ይጮሃል። "አይጮህም" ያለው ሻጭ በምን ሒሳብ እንዳለ እሱ ይወቅ።

ፍርሃት የሚባል ነገር ብዙም አያውቅም። ይህ ደስ ሊል ይችላል፤ እዚህ ከተማ ግን ጣጣ አለው። ማታ ማታ መንገዱን የሚይዙትን ውሾች ታውቃላችሁ። ቡቺ ባለ 6 ኪሎ መሆኑን አያውቅም፤ አምስት ሆነው ቢመጡም ዘሎ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ ደጅ ሲወጣ ገመዱ ከእጅ አይለቀቅም። ድመትም ዶሮም ለእሱ አንድ ነው። ለፋሲካ በረንዳ ላይ ታስሮ ያደረውን ዶሮ ጎረቤቴ ከአፉ ያስጣለችው በመጥረጊያ ነው። እማማ እስካሁን ይህንን አልረሱም።

አይጥ ላይ ግን ማን ይችለዋል። ባለፈው ክረምት ምድር ቤት ያለው ቆሻሻ መጣያ ጋ አንድ አይጥ ሲይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ያዘ፣ አንዴ ነቀነቀ፣ ጣለ። እስክታጨበጭቡ አትደርሱም። አደራ ግን፣ አካባቢው ላይ የአይጥ መርዝ ከተረጨ ወደዚያ አታድርሱት። መርዝ የበላ አይጥ ከበላ ውሻውም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ፓርሰን ራስል የሚባል ዘመድ አለው፤ እግሩ ረዘም ይላል፣ ቁመቱ እስከ 36 ሴንቲሜትር ይደርሳል። አጭሩ፣ የእኛ ቡቺ ዓይነቱ፣ መልኩ የተስተካከለው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው የገዛ አገሩ የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ ጃክ ራስልን እንደ ዝርያ የተቀበለው በ2016 ነው፤ ራስል ከሞተ ከ133 ዓመት በኋላ። በጉልበቱ ለሚጠራጠር ደግሞ ይህን ልንገር፤ ቦቲ የሚባል ጃክ ራስል ከእንግሊዛውያን አሳሾች ጋር ሆኖ ደቡብ ዋልታንም ሰሜን ዋልታንም ረግጧል።

ታዲያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አይኖርም ማለት ነው? ይኖራል። ግን ሥራ ይፈልጋል። በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ደህና እርምጃና ሩጫ ያስፈልገዋል። አሁን የእግረኛ መንገዱ ሰፋ ስላለ ማለዳ ማውጣት አይከብድም። እንደ ግቢ ውሻ ቀኑን ሙሉ ቢታሰር ግን ያብዳል፤ ቆርቆሮ አጥር ካለም በሥሩ ቆፍሮ ይወጣል። ዓመታዊው የእብድ ውሻ ክትባት አይቀሬ ነው። የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው መውጣት፣ የዓይኑ ሌንስ መንሸራተት፣ አንዳንዴም መስማት አለመቻል በዚህ ዝርያ ላይ ይታያሉ። ቡችላ ስትገዙ ከጀርባው ሆናችሁ አጨብጭቡና ዞር ማለቱን እዩ። ደህና ከተያዘ 13፣ 14 ዓመት፣ አልፎም ይኖራል፤ ለአንድ ክረምት ብሎ የሚገዛው ሰው ይህን ቁጥር ደግሞ ያንብብ።

መቆፈሩን ማስቆም አይቻልም። ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። ለጎረቤቴ የነገርኳት ይህንኑ ነው። የድሮ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አገኘን፣ ከታች ግንባታ ላይ ካሉ ልጆች ሁለት አካፋ አሸዋ ለምነን ሞላነው። ውስጡ አንድ የሾርባ አጥንት ቀበርን። ቡቺ ሳፋውን ዞረው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ገባ። ከጅራቱ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

አዲሱ ጤና አዳም አሁን ፍሪጁ ላይ ነው። እማማ ስኒያቸውን ይዘው በረንዳው በር ላይ ቆመው አዩትና "አላልኩም?" አሉ። "ፍልፈል።" ከዚያ ጎንበስ ብለው የፈንዲሻ ቁራጭ ወረወሩለት።