ኬልቪን ድምቀትን አይለካም

እዚህ ጅማ ስለምናዘጋጀው የትርኢት አዳራሽ መብራት በተነሳ ቁጥር «6500 ኬልቪን ይሻላል፣ ከ3000 ይበልጥ ይደምቃል» የሚል አይጠፋም። ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። ኬልቪን የሚነግረን የብርሃኑን ቀለም ብቻ ነው። ድምቀቱን የሚናገረው ሉመን ነው፤ ዋት ደግሞ የሚበላውን ኤሌክትሪክ።

ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል አይታችኋል? መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማና ቢጫ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ሲብስ ይነጣል። የኬልቪን ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሻማ ብርሃን 1900 አካባቢ ነው፤ የድሮው የመድረክ ሃሎጅን አምፖል 3200።

እኛ ጅማ ላይ ማረጋገጫው እጃችን ላይ ነው። አንድ የጅማ በርጩማ ውሰዱና እኩል ሉመን ያላቸውን የ3000 እና የ6500 አምፖሎች ተራ በተራ አብሩበት። በመጀመሪያው የእንጨቱ ቅላት ሞቅ ብሎ ይታያል። በሁለተኛው ያው እንጨት አመድማ ይመስላል። የአዳራሹን ግድግዳ በእንጨት እናልብስ ካልን በኋላ እንጨቱን የሚገድል መብራት ብንሰቅል በጣም ያሳዝነኛል።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። ምርጫው ግን እንደ ቦታው ይለያያል። ለመግቢያውና ለተመልካቹ መቀመጫ እኔ 3000 አካባቢን እመርጣለሁ፤ ለልብስ ስፌቱ ክፍል 4000 የሚመቸው ይኖራል። ደግሞ ካርቶኑ ላይ አንድ ዓይነት ኬልቪን የተጻፈባቸው ሁለት አምፖሎች የእንጨቱን ቀለም እኩል ላያሳዩ ይችላሉ። ብዙ ከመግዛታችን በፊት አንድ አንድ ገዝተን እንጨቱ ላይ እናብራ።