«ሁለት ባላ ትከል»፦ የማማው ተረት

ባለፈው ታኅሣሥ በጽዋ ማኅበራችን፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ አንድ ማኅበርተኛችን ስለሚወዳደርበት ጨረታ ያጫውተን ነበር። ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ መሳሉን ነገረን፤ ጥቂት ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰነዱን ለሚያየው ሹም «እጅ መንሻ» መላኩን ጨመረ። «እንግዲህ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው» ብሎ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። እኔን ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ጉቦው ብቻ አልነበረም፤ ተረቱ እንዲህ ላለ ሥራ መዋሉም ጭምር ነው።

መጠባበቂያ ይኑርህ ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ባላ ቆርጦ፣ ተሸክሞና ተክሎ የማያውቅ ሰው ግን ከዚህ ፍች አያልፍም። እኔ ያደግሁት በይፋት ቆላ፣ በማሽላ አገር ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ዝንጀሮና ወፍ የሚጠበቀው ከማማ ላይ ተሁኖ ነው፤ የማማው ጥናት ደግሞ በባላው ነው። አያቴ ባላ ሊቆርጡ ሲወጡ እከተላቸው ነበር። የሚያዩት ዛፉን ሳይሆን ቅርንጫፉ መንታ የሚሆንበትን ቦታ ነው፤ በጣም የተከፈተውን «ይሰነጠቃል» ብለው ያልፉታል፣ የጠበበውን «አግዳሚ አያስገባም» ብለው ይተዉታል። ወይራ ከተገኘ እሰየው ነው፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ካልተገኘ ግራር ይቆረጥና ከመሬት የሚገባው ጫፉ በእሳት ለብለብ ይደረጋል። ጉድጓዱ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ባላው ከቆመ በኋላ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቀጠቃል፤ አያቴም በሁለት እጃቸው ይዘው ይወዘውዙታል፣ ፍንክች ካለ ተነቅሎ እንደ ገና ይተከላል። ከዚያ በሁለት ባላ ላይ አንድ አግዳሚ ይጋደማል፤ በወዲያኛውም ወገን እንዲሁ ይደረግና በላዩ ርብራብ ተረብርቦ በልጥ ይታሰራል።

አንድ የኅዳር ጧት ወንድሜና እኔ ወንጭፋችንን ይዘን ማማው ላይ ሳለን ከፊት ያለው አንዱ ባላ ከሥሩ ቀነጠሰ። ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት ኖሯል። ርብራቡ ሲዘም ወንድሜ ተንሸራቶ ማሽላው ውስጥ ወደቀ፤ እኔ ገና በሁለተኛው ባላ መንታ ላይ ያለውን የአግዳሚውን ጫፍ አቅፌ፣ እግሬ አየር ላይ እየተወራጨ፣ አያቴ እስኪደርሱ ድረስ ጮህሁ። አውርደውኝ አቧራዬን እያራገፉ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ልጄ፣ ተንጠልጠል አለ እንጂ ተቀመጥ መች አለ?»

የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህ ተረት ከማማ ላይ ተወለደ ብዬ ከማመን የሚመልሰኝ የለም። ከቤት ምሰሶ የመጣ ቢሆን ኖሮ «በአንዱ ተጠለል» ይል ነበር። የሚንጠለጠለው አስቀድሞ ከምድር ከፍ ብሎ የነበረ ሰው ነው፤ በባላ ላይ ከፍ ብሎ የሚውለው ደግሞ አዝመራ ጠባቂ ነው። እንዲያውም መጀመሪያ የተናገረው ልጁ ከማማ የወደቀበት አባት ሳይሆን አይቀርም፤ የሚረታኝ እስኪመጣ ድረስ በዚሁ እጸናለሁ። ይህ ከተያዘልኝ ዋናው ነገር ይከተላል፦ ሁለቱ ባላዎች የተተከሉት ለአንድ አግዳሚና ለአንድ ባለቤት አዝመራ ነው። አንዱን በራሱ ማሳ፣ ሁለተኛውን ከወንዝ ማዶ በሰው ማሳ የሚተክል ገበሬ የለም፤ ቢኖርም አግዳሚው አይደርስለትም።

በክርስትና ሕይወትም ባላ ማብዛት ነውር አይደለም። ጸበል ጠጥቶ የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ በሁለቱም የሚለምነው አንዱን ፈዋሽ ነው። ስለትና ጉቦ ግን የአንድ ማሳ ባላዎች አይደሉም፤ በማቴዎስ ወንጌል 6፥24 «ለእግዚአብሔርና ለገንዘብ መገዛት አትችሉም» ተብሎ ወንዙ በግልጽ ተለይቷል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» ብሎ የጠየቀውም በድርቅ ዘመን ነው፤ ዝናቡን ማን እንደሚያዘንብ ልባቸው አልቆርጥ ብሎ እግዚአብሔርንም በኣልንም የያዙ ሰዎችን ነበር። ሕዝቡም አንዳች አልመለሰለትም።

ዕለት ዕለት «ይኩን ፈቃድከ» የምንል ሰዎች በዚህ ጸሎት ውስጥ ጨረታው ለሌላ እንዲወጣም መፍቀድ እንዳለ እንዘነጋለን። ወንድማችን ጥላ የተሳለው ፈቃዱን ሊቀበል አልነበረም፤ የራሱን ፈቃድ በሁለት በኩል ሊያስፈጽም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው አፄ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም መግባቱ ይተረካል። ዘውዱን በሣጥን ቆልፎበት ቢመንን፣ ምናኔው በከበደው ጊዜ የሚመለስበት ሁለተኛ ባላ በሆነለት ነበር። እኔ ከመመነኑ ይልቅ ዘውዱን መላኩን እወድለታለሁ።

ዛሬ ተረቱ የማይውልበት የለም። ሁለት እጮኛ የያዘውም፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ማታ ጠንቋይ ደጅ የሚጠናውም ይተርተዋል፤ አስተዋይ ገበሬ የመሰለ ይመስለዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ሌላ አነጋገር እኮ አለን፤ በሁለት ቢላዋ መብላት ይባላል። ያንን ብሎ የባላውን ተረት ለባለማማው ቢተወው ምናለበት?

ወንድማችን ጨረታውን አሸነፈ። ሐምሌ 19 ቁልቢ ወርዶ ጥላውን በእልልታ አገባ። በሚቀጥለው ማኅበር አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና የትኛው ባላ እንደ ያዘው ጠየቅሁት። የጠላ ዋንጫውን አንሥቶ ጥቂት አሰበና «እንጃ» አለኝ።