ከፓራውልት ላይ አሮጌ ስቱኮ ማንሳት

የመኪና ቆርቆሮ ላይ ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት ጉድለት የሚሞላበት ልጥፍ፣ መኖሩን ለማወቅ ማግኔት ይበቃል። ካልያዘ፣ እዚያ ጋ ወፍሯል ማለት ነው። ፓራውልት (የመኪናው የፊትና የኋላ መከላከያ) ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ፕላስቲክ ድሮም ማግኔት አይዝምና። እዚህ የሚያሳብቀው ቀለሙ ነው፦ ውኃ እንደሸሸው ጭቃ መሬት ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያ ጠርዙ መነሳት ይጀምራል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የተለመደው የመኪና ስቱኮ የፖሊስተር ሙጫና የታልክ ዱቄት ድብልቅ ነው። ሀርድነር (ማድረቂያ) ሲገባበት በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ መተጣጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ፓራውልት ደግሞ ሥራው መተጣጠፍ ነው። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በየመንገዱ የምናየው የቪትዝና የያሪስ ፓራውልት ዋና ቁሱ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከፕላስቲክ ወንበር ጋር አንድ ዘር ማለት ነው፣ ገጹም ሙጫና ቀለም በቀላሉ አይቀበልም። ለቆርቆሮ የተሠራ ስቱኮ እዚህ ላይ የተለጠፈው ለስሙ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጀርባ ነው። ፓራውልቱን አውልቃችሁ እጠቡትና ውስጡን እዩ። የፕላስቲኩ ዓይነት ብዙ ጊዜ እዚያው ታትሞ ይገኛል፦ ፒፒ (PP) ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን፣ ኤቢኤስ (ABS) ከሆነ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኤቢኤስ በአሴቶን (ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) ይሟሟል፣ የደረቀው ስቱኮ ግን በአሴቶን አይሟሟም፤ ስለዚህ ስቱኮው ደህና ሆኖ ይቀመጥና ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል። እኔም አንድ ግሪል (የመኪና የፊት ፍርግርግ) በዚህ መንገድ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

ፒፒ ላይ ብዙ ጊዜ ማሽንም አያስፈልግም። ከኋላ በአውራ ጣት ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ስቱኮው ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሳል። እምቢ ያለውን በሙቅ አየር ትንሽ አሙቆ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ መፋቅ ነው፣ ስለት ያለው ብረት ፕላስቲኩን ይቆርጠዋል። ሙቀቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ፖሊፕሮፒሊን ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ኤቢኤስ 100 አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ የሙቅ አየር መንፊያው ደግሞ ከ500 በላይ ሊያወጣ ይችላል። ከሩቅ፣ እጅ ሳያቆሙ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ካላችሁ ፓራውልቱ ይጠመዘዛል፣ እሱን መመለስ ከስቱኮው በላይ ያደክማል።

ኤቢኤስና ፋይበርግላስ ላይ ግን ስቱኮ በደንብ ይይዛል፣ ስለዚህ መፈተግ የግድ ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ ፕላስቲኩ ብቅ ሲል ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 320። ማሽን ከሆነ በዝግታ፣ ምክንያቱም ፕላስቲክ በፍጥነት ሲፈተግ ይሞቅና ፀጉር ያወጣል። የሚቀር ስቱኮ ካለ በውኃ አትፈትጉ፤ ውኃ ይጠጣል፣ በኋላም አዲሱ ቀለም ስር ያብጣል። ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ደቃቅ ነው።

ስቱኮው ሲነሳ ታሪኩ ይወጣል፦ ስንጥቅ፣ በሽቦ የተሰፋ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም ከዕቃው ያልሆነ ቁራጭ። ስንጥቁ አጭር ከሆነ በፕላስቲክ ብየዳ ተዘግቶ፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ)ና የሚተጣጠፍ ስቱኮ ይበቃዋል። መያዣው ጆሮ ተሰብሮ ከሆነ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ፓራውልት ዋጋ መጠየቅ ይሻላል፣ ከዚያ በፊት ግን ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው፤ የሱም ፊት ስቱኮ ሊሆን ይችላል።