ጎጆ መውጫ፦ ወጣት የጤና ተመራማሪን ከአለቃው ላቦራቶሪ የሚያስወጣው ኬ99/አር00

ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው ተመራማሪ ሆነ ይባላል። በጤና ሳይንስ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከምረቃው በኋላ ፖስትዶክ የሚባል ዘመን አለ። ሰውየው በሌላ ሰው ላቦራቶሪ፣ በአጭሩ ላብ በሚሉት፣ ውስጥ ይሠራል። ገንዘቡ የሌላ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውም የሌላ ሰው ነው። ደመወዝ ያገኛል፣ ወረቀት ያሳትማል፣ ከሥሩ ያሉ ተማሪዎችን ያሠለጥናል። በእኛ አነጋገር ግን ገና ጎጆ አልወጣም።

ጎጆ ለማስወጣት ከተዘጋጁት የድኅረ ዶክትሬት ድጋፎች ውስጥ ስሙ በጣም የገነነው የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ የሚሰጠው ነው። ይፋዊ ስሙ በአማርኛ ሲመለስ «ወደ ነጻነት የሚወስድ መንገድ» እንደማለት ነው። ላብ ውስጥ ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም። ሁሉም የሚያውቀው በመለያው ነው፦ ኬ99/አር00። ወረቀቱ ላይ ሽልማት ይባላል እንጂ ግራንት፣ ማለትም ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ፣ ነው።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የችግሩ መነሻ ዕድሜ ነበር። በ1980 አንድ ፒኤችዲ ያለው ተመራማሪ የመጀመሪያውን ትልቅ የኤንአይኤች ግራንት፣ አር01 የሚሉትን፣ ሲያገኝ ዕድሜው በአማካይ 36 ገደማ ነበር። ከ2000 ወዲህ ወደ 42 ተጠጋ። ሐኪሞቹ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። ሰው ጉልበቱና ድፍረቱ ሙሉ በሆነበት ዘመን የሌላ ሰው ሥራ ሲሠራ ይከርማል ማለት ነው።

በ2005 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በጉዳዩ ላይ አንድ ሪፖርት አወጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቶማስ ቼክ ነበር፣ የ1989 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ። ቼክ ስለ ጉዳዩ ለመናገር የሚያንሰው ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ በ30 ዓመቱ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ውስጥ የራሱን ላብ ከፍቶ ነው ለኖቤል ያበቃውን ሥራ የሠራው። ሪፖርቱ በወጣ በዓመቱ፣ በ2006፣ ኤንአይኤች ኬ99/አር00ን አስተዋወቀ። የጊዜው ዳይሬክተር ኤልያስ ዘርሁኒ ነበር። ዘርሁኒ አልጄሪያ ተወልዶ፣ ሕክምናንም እዚያው ተምሮ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው።

አሠራሩ

ድጋፉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ኬ99 ነው። እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ፖስትዶኩ ከአማካሪው ጋር ነው፣ ግን የሚሠራው በራሱ እቅድ ነው። የጎደለውን ክህሎት ይማራል፣ ውጤት ያጠራቅማል፣ ሥራም ያፈላልጋል። ሁለተኛው አር00 ነው። እስከ ሦስት ዓመት ይዘልቃል። የሚጀምረው ሰውየው ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ሲቀጠር ነው። በዚህ ክፍል በዓመት እስከ 249,000 ዶላር ይሰጣል። ደመወዙ፣ የምርምር ወጪው፣ ዩኒቨርሲቲው ለመብራትና ለአስተዳደር የሚወስደው ድርሻ ሁሉ ከዚሁ ውስጥ ነው።

ከሁለቱ መሀል ያለችው ድልድይ ናት ብልሃቷ። አር00 ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል። ባልቲሞር ያለች ፖስትዶክ ሲያትል ከተቀጠረች ገንዘቡ ሲያትል ይገባል። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ባዶ እጇን አይደለችም። ቀጣሪውም ይህን ያውቃል። አሁን አንድ ሰው «ታዲያ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገንዘብ ለምን ያወጣል? በእሷ ገንዘብ አይጠቀምም?» ሊል ይችላል። ደንቡ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። አዲስ መምህር ላብ ሲያቋቁም ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው መቋቋሚያ በአር00 ምክንያት ሊቀነስ አይገባም። ኤንአይኤች ሁለተኛውን ክፍል ከመልቀቁ በፊት የቅጥሩን ውል፣ የተሰጣትን ቦታና የምርምር ጊዜዋን ያያል። ቢያንስ ከሥራ ጊዜዋ 75 በመቶው ለምርምር መሆን አለበት። ማስተማር ጭነውባት ከሆነ አይለቅም። ፖስትዶክ በነበረችበት ተቋም ልቀጠር ካለችም ጥሩ ማስረጃ ይጠየቃል። ሐሳቡ ከቤት እንድትወጣ ነው።

ማን ያመለክታል?

እዚህ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። አመልካቹ ከአራት ዓመት በላይ የፖስትዶክ ልምድ ሊኖረው አይገባም። ድሮ አምስት ነበር፣ በ2014 ወደ አራት ወረደ። ዓላማው ሰው በፖስትዶክነት እንዳያረጅ ነው። በተግባር ግን ጊዜው አጭር ነው። እንስሳ ላይ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት ሳያወጣ ሦስት ዓመት ሊያልፈው ይችላል። በዚህ መሀል የወለደች ግን የአንድ ዓመት ጭማሪ መጠየቅ ትችላለች። ይህ ከ2019 ወዲህ የመጣ ነው፤ ይህን ያህል መዘግየቱ ይገርማል።

ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ዜግነት ነው። ብዙዎቹ የኤንአይኤች የሥልጠና ድጋፎች የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ኬ99 አይጠይቅም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ሄዶ በጄ1 ወይም በኤች1ቢ ቪዛ አሜሪካ ላብ ውስጥ ያለ ሰው ማመልከት ይችላል። የውጭ አገር ፖስትዶኮች በሩን የሚያንኳኩት ለዚህ ነው። የቪዛው ጣጣ ግን የራሱ ነው። የተመራማሪ ጄ1 ከአምስት ዓመት አያልፍም። አር00ም የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ባለ ተቋም ብቻ ነው። ገንዘቡን ይዞ አገር ቤት መግባት አይቻልም።

ማመልከቻው በዓመት ሦስት ጊዜ ይቀርባል፦ የካቲት፣ ሰኔና ጥቅምት 12፣ በፈረንጆቹ ወሮች። የምርምር ግቡ በአንድ ገጽ ይሰፍራል። የአመልካቹ ታሪክና የምርምር እቅዱ ተደምረው ከ12 ገጽ አያልፉም። ከሦስት እስከ አምስት የምስክርነት ደብዳቤ ይጨመራል። ገምጋሚዎች ከ10 እስከ 90 ነጥብ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንደ ሩጫ ሰዓት ነው፣ ያነሰው ይበልጣል። 20 ያገኘ ሊደሰት ይችላል፤ 60 ያገኘ እንደገና ይጽፋል። አንድ ጊዜ አሻሽሎ የማቅረብ ዕድል አለው።

ያቺ ደብዳቤ

ከወረቀቶቹ ሁሉ እኔ ቁልፍ የምለው የአማካሪው ደብዳቤ ነው። ሙገሳውን ለማለት አይደለም። ሙገሳ ሁሉም ይጽፋል። ደብዳቤው ውስጥ አማካሪው አንድ ነገር በጽሑፍ መመለስ አለበት፦ ይህ ልጅ ሲወጣ የትኛውን ሥራ ይዞ ይወጣል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን በአንድ ላብ ውስጥ የሁለት ሰው ሐሳብ እንደ ሊጥ ይቦካል። አይጦቹን ማን አራባቸው? ናሙናው የማን ነው? ፖስትዶኩ ለአራት ዓመት የለፋበትን ነገር አለቃው «የላቡ ነው» ሊል ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ልጁ ወጥቶ ያንኑ ጥያቄ ቢይዝ ደግሞ የሚወዳደረው ገንዘቡም ሰዉም ከሞላው ከቀድሞ አለቃው ጋር ነው። አያዛልቅም። ስለዚህ ርስቱ ከጋብቻው በፊት እንደሚካፈል ሁሉ፣ ጥያቄዎቹም ቀድመው ይከፈላሉ። ይህን ንግግር ከአለቃው ጋር ፊት ለፊት ለመጀመር ይሉኝታ የያዘው ሰው ብዙ ነው። ማመልከቻው ግን ያስገድደዋል። ለእኔ ከዶላሩ ያላነሰ ውለታ ነው።

ወቀሳ የለም ማለት አይደለም። ኬ99 የሚያገኙት በአብዛኛው ቀድሞውኑ ስም ባላቸው፣ ገንዘብ በሞላባቸው ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ናቸው። ላለው ይጨመርለታል።

በሌላው ዓለምና በእኛ በኩል

ሌሎችም ተመሳሳይ ድጋፍ አላቸው። ዌልካም የሚባለው የእንግሊዝ የጤና ምርምር በጎ አድራጎት ድርጅት በ2021 የጀመረው ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ ደመወዝ ችሎ ለምርምሩ እስከ 400,000 ፓውንድ ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት። ከአፍሪካ ሆነውም ሊያመለክቱበት ይቻላል። በ2018 ደግሞ ኤንአይኤች፣ ጌትስ ፋውንዴሽንና የአፍሪካ ሳይንስ አካዳሚ በጋራ አፍሪካውያን ፖስትዶኮችን ሁለት ዓመት ኤንአይኤች አቆይተው ወደ አገራቸው የሚመልሱበት ፕሮግራም ጀመሩ። አገር ቤት ከገቡ በኋላም ድጋፉ ወዲያው አይቋረጥም።

በዚምባብዌ ዩኒቨርሲቲ ይመራ የነበረው አማሪ የሚባለው የአእምሮ ጤና ጥምረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲንም በአጋርነት ያቀፈ ነበር። ከማስተርስ እስከ ፖስትዶክ ያሉ ተመራማሪዎችን ደግፏል። ገንዘቡ የመጣው ዴልታስ አፍሪካ ከሚባለው፣ ዌልካምና የእንግሊዝ መንግሥት ካቋቋሙት ፕሮግራም ነው።

ለኬ99 ቅርብ ዘመድ የምለው ግን ኬ43 ነው። የሚሰጠው የኤንአይኤች ፎጋርቲ ማእከል ነው፤ የሚሰጠውም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ተቋማት ውስጥ ለሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎች ነው። እዚህ ሰውየው አገሩን አይለቅም። ጎጆውን የሚቀልሰው ተቀጥሮ በሚሠራበት ግቢ ውስጥ ነው። እሱም ሦስት አራተኛ ጊዜውን ለምርምር እንዲያውል ይፈልጋል፤ ተቋሙም ይህን ጊዜ እንደሚተውለት በደብዳቤ ያረጋግጣል። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ የሚያስተምር፣ ከሰዓት ታካሚ የሚያይ መምህር ይህን ደብዳቤ ይዞ ዲኑ ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፦ «ታዲያ ክፍሉን ማን ይገባልሃል?»